ይህ ድንጋይ ከየት መጣ?

ባሕር ዳር የተቀመጠችው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። የቤታችን መሠረት፣ የግቢያችን አጥር፣ የጢስ ዓባይ ገደል፣ ሁሉም ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ ነው። ጣና ራሱ ሐይቅ የሆነው ላቫ ፈስሶ የውሃውን መውጫ ስለዘጋው ነው። ቀልጦ በሚፈስ ድንጋይ ውስጥ ደግሞ አጥንት አይተርፍም። ስለዚህ የቅሪተ አካል ወሬ ሲነሣ እኛ ጉዳዩን ለአፋር ትተን እንቀመጣለን። ድንቅነሽ (ሉሲ) ከአፋር፣ ሕፃኗ ሰላም ከአፋር፣ አርዲም ከአፋር፤ ሦስቱም የጥንት የሰው ዘመዶች አጽም ናቸው። የኛ ድርሻ ዓሣና ገዳም ነው እንላለን።

እኔ እዚህ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ በዚህ ነገር ፈጽሞ አልስማማም። ቅሪተ አካል ለማወቅና ለመውደድ የግድ አፋር በረሃ መውረድ አያስፈልግም። የሙዚየም መስታወት ያስተምራል፣ የጎረቤት ካርቶን ያስተምራል፣ የዓሣ አስጋሪዎች መንደር ሳይቀር ያስተምራል። አንድ ጥያቄ ብቻ መልመድ ነው፦ ይህ ድንጋይ ከየት መጣ?

ተማሪዎቼ ድንጋይ ያመጡልኛል። «ቲቸር፣ እንቁላል አገኘን!» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጡት ሆዱ በነጫጭ ነገር የተሞላ ጥቁር ድንጋይ ነው። እውነትም አንዳንዱ እንቁላል፣ አንዳንዱ ጥርስ ይመስላል። ላቫው ሲፈስ በውስጡ ጋዝ ነበረ። ድንጋዩ ሲቀዘቅዝ ጋዙ የነበረበት ቦታ ባዶ ጉድጓድ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ማዕድን ያዘለ ውሃ ለረጅም ዘመን እየሰረገ ጉድጓዱን ሞላው። ድንጋዩን ስትሰብሩት ነጩ ነገር በየመጠኑ ይገኛል። የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህልም አለ፣ የእርግብ እንቁላል የሚያህልም አለ። አንዱ ክብ ነው፣ አንዱ የተጨፈለቀ። እንስሳ እንዲህ ዝም ብሎ አያድግም። የእንስሳ አካል መስመር አለው፣ ግራና ቀኝ አለው፣ የአንዱ ጥርስ ከሌላው ወንድሙ ጥርስ ጋር ይመሳሰላል።

ሌላው ደጋግሞ የሚመጣው ስንጥቅ ላይ የተሣለ «ቅጠል» ነው። ጥቁር ነው፣ ቅርንጫፉ ያምራል፣ ላየው ሰው ፈርን ነው። እሱም የማንጋኒዝ ማዕድን በስንጥቁ ውስጥ እየተሳበ የሠራው ሥዕል ነው። እውነተኛ ቅጠል መሀሉ ላይ ወፍራም ጅማት አለው፤ ከሱ ወዲያና ወዲህ ቀጫጭኖቹ በሥርዓት ይወጣሉ፤ ዙሪያው ላይ ደግሞ ጠርዝ አለው። ማዕድኑ ግን ጠርዝ የለውም፤ እስከሄደበት ይሄዳል። ይህን ለልጆቹ ሳስረዳ ብዙዎቹ አይከፉም። እንዲያውም በማግስቱ እውነተኛ ቅጠል ይዘው መጥተው ጎን ለጎን ያስቀምጡታል። ከዚያ ወዲያ ዓይናቸው ሌላ ነው።

አጥንት ሲሆን መታየት ያለበት የተሰበረበት ጎን ነው። ከውጭ ጠጣር ሽፋን አለ፣ ከውስጥ ደግሞ ጥቃቅን ቀዳዳ። ድንጋይ ሆኖም እንኳ ይህ አሠራሩ አይጠፋም፤ ማዕድኑ ቀዳዳውን ሞልቶ ቅርጹን ጠብቆ ያቆየዋል። የመስክ ሰዎች አንድ የቆየ ዘዴ አላቸው፤ ቁራጩን ምላሳቸው ጫፍ ላይ ያስነካሉ። ቀዳዳው እርጥበት ስለሚስብ አጥንት ምላስ ላይ ያዝ ያደርጋል። ለተማሪ ግን አልመክርም፤ እርጥብ ጣትም ይበቃል። ጥርስ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። የጥርስ ሽፋኑ ኢናሜል ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው ነገር ነው። ለዚህ ነው ከጥንት እንስሳት ብዙዎቹን በጥርሳቸው ብቻ የምናውቃቸው።

ግን የሞተውን ለመለየት የዛሬውን ማወቅ ይቀድማል። እኔ ያለኝ ስብስብ ከዓሣ አስጋሪዎችና ከልኳንዳ ቤት የመጣ ነው። የአምባዛ ጭንቅላት ቀቅዬ ሥጋውን አነሣለሁ፣ አጥንቱን ፀሐይ ላይ አደርቃለሁ። ሽታው ጎረቤት ያስቀይማል፤ ቢሆንም ለነገሩ ያዋጣል። አምባዛ አናቱ ጠፍጣፋና ደረቅ ነው። ገጹ ላይ ጣታችሁን ስታስሄዱ ጥቃቅን ጉብታዎች ይሰማችኋል፤ ሌላው የጣና ዓሣ እንዲህ የለውም። ከጎን ክንፉ ፊት ለፊት ያለው እሾህ ደግሞ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ አለው። በአፍሪካ የጥንት ሐይቆች ደለል ውስጥ የአምባዛ ዘመዶች ቁርጥራጭ በብዛት ይገኛል። አናቱንና እሾሁን በእጁ ያገላበጠ ሰው ያንን ቁራጭ ሙዚየም ውስጥ ሲያይ መግለጫውን ሳያነብ ያውቀዋል።

ነጭ ዓሣ ደግሞ ሌላ ነው። መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። የጣና ነጭ ዓሦች ዘር ወደ 15 ይደርሳል፤ አብዛኞቹም ከዚህ ሐይቅ ውጭ አይገኙም። አፋቸውና ጭንቅላታቸው እንደየምግባቸው ይለያያል። የበሬ መንጋጋ ጥርስ ላይ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል የኢናሜል መስመር ታያላችሁ፤ ሣር የሚፈጨው በሱ ነው። እንደ አሳማ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ እንስሳ ጥርሱ ጉብታ ጉብታ ነው። ይህን ያየ ሰው የማያውቀው ጥርስ ቢሰጡት እንኳ ቢያንስ «ይህ ሣር በል ነው» ማለት ይችላል። ትልቅ ነገር ነው።

አዲስ አበባ ስሄድ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሳልገባ አልመለስም። ሰው ድንቅነሽን አይቶ ሲወጣ የሚለውን መስማት እወዳለሁ። «ይቺው ናት እንዴ?» የሚል አለ፤ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥምና ትንሽ ሆና ትታያለች። ከዚያ ደግሞ ለዕይታ የቀረበው ቅጂ መሆኑን ሲሰማ «ፌክ ነው ለካ» ብሎ ፊቱን የሚያዞር አለ። ይህ ያሳዝነኛል። ዋናው አጥንት ለደኅንነቱ ሲባል በዝግ ክፍል ይቀመጣል። ቅጂው ከዋናው ላይ በቀጥታ የተወሰደ ነው፤ እያንዳንዱ ጉብታና ስንጥቅ አለበት። በዓለም ዙሪያ ተማሪዎችም ተመራማሪዎችም ብዙ የሚማሩት ከእንዲህ ያለ ቅጂ ነው። የተናቀው ነገር እኮ ብዙ ይናገራል። ዳሌዋን እዩት፤ አጭርና ሰፊ ነው። ጭኗን እዩት፤ ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ቀጥ ብሎ በሁለት እግሩ የሚሄድ ፍጡር አጥንት እንዲህ ነው።

ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ስትገኝ የተሰባበረ ብዙ ቁርጥራጭ ነበረች። ታዲያ ይህ ሁሉ የአንድ ሰውነት መሆኑ በምን ታወቀ? ከቁርጥራጮቹ መሀል ሁለት ጊዜ የተገኘ አጥንት የለም። ሁለት የግራ ክርን፣ ሁለት የቀኝ መንጋጋ ቢገኝ ኖሮ ሁለት ሰው ነው ይባል ነበር። እንዲህ ያለ ቀላልና ጠንካራ ማስረጃ ስሰማ ደስ ይለኛል። የ10 ዓመት ልጅም ይገባዋል። እንደዚያ ተደምረው 40 በመቶ ገደማ የሚሆን አጽም ወጣ፤ ዕድሜውም 3.2 ሚሊዮን ዓመት።

ሰላም ደግሞ የትዕግሥት ታሪክ ናት። የኢትዮጵያዊው ተመራማሪ የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን እዚያው አፋር፣ ዲኪካ ላይ ያገኛት በ1993 ዓ.ም. ነው፤ ለዓለም ይፋ የሆነችው በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በመሀል ያሉት ዓመታት የት ሄዱ? አሸዋ ድንጋይ ከጎድንና ከአከርካሪ መሀል በጥርስ ሐኪም መሣሪያ፣ ቅንጣት በቅንጣት ሲነሣ ነበር። የሕፃን አጥንት ስስ ነው። ሙዚየም ውስጥ ከሰላም ፊት ስቆም ከልጅቷ እኩል የማስበው ያን ሁሉ ጊዜ ጎንበስ ብሎ የሠራውን እጅ ነው።

ከመስታወቱ ውስጥ ካለው ሁሉ ሰው ሳያየው የሚያልፈው መግለጫዋን ወረቀት ነው። የድንቅነሽ የመዝገብ ስም ኤ.ኤል. 288-1 ነው። ኤ.ኤል. የአፋር መገኛ ቦታን ያመለክታል። 288 የቦታው ቁጥር ነው። 1 ደግሞ ከዚያ ቦታ የተመዘገበ የመጀመሪያው ናሙና ማለት ነው። በዚያ ቁጥር በኩል የተገኘችበት ተዳፋት፣ ከበላይና ከበታቿ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ከአመዱ የተለካው ዕድሜ፣ ከጎኗ የተገኙት እንስሳት ሁሉ ይገኛሉ። ቁጥሩ ቢጠፋ አጥንቷ አይጠፋም፤ ዕድሜዋ ግን ይጠፋል።

ይህን በደንብ ያሳየኝ ግን ሙዚየም አይደለም። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ ፎርማን ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ቡና ላይ ስለ ሥራዬ ስናወራ «ቆይ እስቲ» ብለው ከአልጋ ሥር ካርቶን ጎተቱ። ድንጋዮቹ በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልለዋል። ዓባይ በረሃ መንገድ ሲሠሩ በነበረ ጊዜ ያነሷቸው ናቸው።

መጀመሪያ የፈታኋት ግራጫ ናት፣ በመዳፍ ትያዛለች። ከጫፏ የሚነሡ ሸንተረሮች ወደ ታች እየሰፉ ይወርዳሉ። ሁለቱ ክዳኖች የሚገጥሙበት ጠርዝ ወጣ ገባ እያለ ይዞራል። አውራ ጣቴን መሀሏ ላይ አደረግሁ፤ ግራና ቀኟ ፍጹም እኩል ነው። ወደ ጎን ሳዞራት ግን አንዱ ክዳን አብጧል፣ ሌላው ጠፍጣፋ ነው። ብራኪዮፖድ የምትባል ባለ ሁለት ክዳን የባሕር እንስሳ ናት። ቀጥሎ የወጣው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ሁለቱ ክዳኖች እኩል ናቸው፤ እያንዳንዱ ክዳን ግን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ይህ ባይቫልቭ የሚባለው ሌላ ባለ ሁለት ክዳን ወገን ነው።

«ሁለቱም ዛጎል አይደሉም እንዴ? ምን ለያቸው?» አሉ ጋሼ።

«እጅዎን ለጸሎት እንደሚያደርጉት ያጋጥሙት» አልኳቸው። አጋጠሙት። «ግራው የቀኙ መልክ ነው አይደል? አንዱን እጅ ብቻ ሲያዩት ግን አውራ ጣት በአንድ በኩል ነው ያለው፤ ሁለቱ ጎን እኩል አይደለም። ይሄኛው እንዲህ ነው። ያቺኛዋ ግን እኩልነቷ በእያንዳንዱ ክዳን ላይ ነው።» እጃቸውን ገልጠው አዩ፣ መልሰው ገጠሙት፣ ድንጋዮቹን ተራ በተራ አነሡ። ከዚያ በኋላ የቀሩትን የለዩት ራሳቸው ናቸው። አንድ ቀንድ አውጣም ነበረች። ቅርፊቷ ሟሙቶ አልቋል፤ የቀረው ሆዷን የሞላው ጭቃ ነው፣ ድንጋይ ሆኖ። ጥምዝምዟ ግን ወደ ላይ እየወጣ ይቆጠራል። ጠፍጣፋ ጥምዝ ሆና በክፍል በክፍል የተከፈለች ብትሆን ኖሮ አሞናይት የሚባለው የጠፋ የባሕር እንስሳ ናት ብለን እንጠረጥር ነበር።

«ጋሼ፣ እዚያ ቦታ እኮ ባሕር ነበረ። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት።»

«እና እኛ መንገድ የምንቆርጠው የባሕር ወለል ላይ ነበር በለኛ!»

ከዚያ ዋናውን ጥያቄ ጠየቅኋቸው። ይቺ ከየት ናት? ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። «ከደጀን ስትወርድ፣ ጥቁሩ ድንጋይ አልቆ ነጩ ከጀመረ በኋላ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ አካባቢ። ነጩ ላይ ነው፣ ከጥቁሩ አይደለም።» እኔ ወዲያው እስክሪብቶ አወጣሁ። ጥቁሩ ባሳልት ነው፣ ነጩ የኖራ ድንጋይ። ሸለቆው ከላይ ወደ ታች እንደዚያ ነው የተደረበው። ጂኦሎጂ ሳይማሩ ድንጋዩ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ነገሩኝ። በትንንሽ ወረቀት ቦታውን፣ ማን እንዳነሣውና መቼ ገደማ እንደሆነ ጽፈን ከእያንዳንዱ ጋር አደረግን። ጋዜጦቹንም አልጣልናቸውም፤ ቀን አለባቸው።

ለአንዷ ግን «ይቺን እንጃ» አሉ። ከሁሉም የምታምረው እሷ ነበረች። ሸንተረሯ አልተሸራረፈም፣ ቀለሟ ወደ ቢጫ ያደላል። ከዓባይ ትሁን ከሌላ ቦታ፣ ሰው ይስጣቸው ራሳቸው ያንሷት አላስታወሱም። እንዲህ ሲሆን ያለው አማራጭ በሸንተረሮቿ መሀል የቀረውን አፈር አለመንካት ነው። አፈሩ ውስጥ በማጉያ መነጽር የሚታዩ ደቃቅ ቅርፊቶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ባለሙያ ከነሱ ተነሥቶ ንብርብሩን ሊገምት ይችላል። ስለዚህ እባካችሁ፣ ቤት ያለውን ዛጎል በብሩሽና በሳሙና አትፈትጉት። ቫርኒሽም አትቀቡት።

ይህን ነገር እኛ ጣና ዳር ያለን ሰዎች ልንረዳው አይከብደንም። ዳጋ እስጢፋኖስ የሄደ ያውቃል። የነገሥታት አጽም እዚያ አለ፤ የአፄ ይኩኖ አምላክ፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የአፄ ፋሲል። ዕቃ ቤት ጠባቂው አባት ይህ የእገሌ ነው፣ ያ የእገሌ ነው ብለው ያሳያሉ። አጥንቱ ብቻውን ስም የለውም፤ ስሙን ይዞት ያለው ከመነኩሴ ወደ መነኩሴ የተላለፈው ቃል ነው። ዘውዱም፣ መስቀሉም፣ ብራናውም እንዲሁ ማን እንደሰጠው ይነገራል። አባቶች ዕቃን ከታሪኩ ጋር ማስቀመጥ ያውቁበታል። የድንጋዩ ስብስብም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

የግል ስብስብ ነገር ሲነሣ ሕጉንም ማለፍ አልችልም። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮ ወይም በግንባታ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና እንዳይነካ እንዲጠብቅ ያዛል። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጥና ድንጋዩን ይደብቃል፤ ወይም ይጥለዋል። መጣል ከሁሉም የከፋ ነው። ጋሼና እኔ ዝርዝሩን ከፎቶ ጋር አዘጋጅተን ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ ለማሳወቅ ተስማምተናል። ፈራ ተባ ብለው ነበር፤ ግን «ከኔ በኋላ ልጆቹ ድንጋይ መስሏቸው ይጥሉታል» ያሉት ራሳቸው ናቸው። ከውጭ አገር በስጦታ የመጣ ከሆነ ደግሞ በደንብ መመርመር ነው። ከሞሮኮ ወጣ ተብሎ ከሚሸጠው ትሪሎባይት (የጠፋ የጥንት የባሕር እንስሳ) ብዙው በሙጫ የተቀጠለ ወይም ተቀርጾ የተሠራ ነው። ገጹ ላይ የአየር አረፋ ካለ፣ ሁለት ቁራጮች ቁርጥ እኩል ከሆኑ መጠርጠር ይገባል።

አሁን ወደ ሐይቁ ልመለስ፤ ጣና ራሱ ትልቅ ስብስብ ነውና። ተመራማሪዎች ከወለሉ ደለል ሰርስረው አውጥተው መርምረዋል። ደለሉ ውስጥ ዳያቶም የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች ቅርፊት አለ። ቅርፊታቸው ሲሊካ ስለሆነ ሳይበሰብስ ይቆያል። ዘራቸው እንደ ውሃው ጥልቀትና ጨው ይለያያል፤ በማይክሮስኮፕ የሚያያቸው ሰው ሐይቁ መቼ ሞልቶ መቼ እንደጎደለ ያነባል። ከታች ደግሞ የደረቀ ጠጣር ደለል፣ ከሱ በላይ የደንገል ረግረግ ቅሪት ተገኘ። ከ17,000 ዓመት በፊት ገደማ ጣና ደርቆ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ረግረግ ሆነ፣ ደንገል በቀለበት፣ ከ15,000 ዓመት ገደማ ወዲህ ሞልቶ ወደ ዓባይ ፈሰሰ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ታንኳ ሲሠራ ሳይ ደንገሉን በሌላ ዓይን ነው የማየው።

ከሐይቁ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ ጭልጋ አለ። «ባሳልት ውስጥ አጥንት የለም» ለሚለው መልሱ እዚያ ነው። በላቫው ፍሰቶች መሀል ረጅም ዕረፍት ነበረ። በዚያ ዕረፍት ወንዝ ፈሰሰ፣ ረግረግ ተኛ፣ ደን በቀለ። አመድና ጭቃ እንስሳቱንና ቅጠሉን ሸፈናቸው። ዕድሜው 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ግኝቱ በ«ኔቸር» መጽሔት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እስከዚያ ድረስ ከ32 እስከ 24 ሚሊዮን ዓመት ያለው ዘመን ለአፍሪካ አጥቢ እንስሳት ባዶ ገጽ ነበር ማለት ይቻላል።

ያን ጊዜ አፍሪካና ዓረቢያ አብረው፣ ከእስያ ተለይተው በባሕር ተከብበው ነበር። ላም የለም፣ አንበሳ የለም፣ የሜዳ አህያ የለም፣ አውራሪስም ገና አልመጣም። ጭልጋ ውስጥ የሚዞሩት የሽኮኮ ትልልቅ ዘመዶችና የጥንት ዝሆኖች ነበሩ። አርሲኖይቴሪየም የሚባል ግዙፍም ነበረ። አፍንጫው ላይ ጎን ለጎን ሁለት ትልልቅ ቀንድ አለው። ለዓይን አውራሪስ ይመስላል፤ በዘር ግን ለዝሆን ይቀርባል። የጭልጋው ደግሞ ግብፅ ፋዩም ላይ ከተገኙት ዘመዶቹ ይበልጣል። ለዚህ ነው አንድ ሰው «ቅሪተ አካል የአፋር ነው» ሲለኝ ዝም ማለት የማልችለው። ድንቅነሽ ከመኖሯ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀድሞ የዛሬው ጎንደር አካባቢ በዝሆን የተሞላ ደን ነበር።

ባሕር ዳር ለነዚህ እንስሳት ቅጂ የሚሆን አንድ ክፍል ይገባታል። ዋናዎቹ አጥንቶች ባሉበት በደንብ ይጠበቁ፤ እኔ የምለው ቅጂ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣ ቢሆን የምመርጠው ቀንዳሙን አይደለም። የምመርጠው የቺልጋቴሪየም መንጋጋ ጥርስ ነው። የዲኖቴር ወገን የሆነ የጥንት ዝሆን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ስም ሲወጣለት የተሰየመው በጭልጋ ነው። የበሬና የአሳማ ጥርስ አጠገቡ ይቀመጥ። መግለጫው ላይ በትልልቁ «ጭልጋ» ተብሎ ይጻፍ፣ ንብርብሩና ዕድሜውም ከሥር። መስታወት አያስፈልገውም፤ ልጆቹ አንሥተው በጣታቸው ጉብታውን ይቁጠሩት፣ ምን ይበላ እንደነበረም ራሳቸው ይንገሩን።